ቤቱ የከተማው፣ መሬቱ የኮንግረስ
የአር.ኤፍ.ኬ. ስታዲየም ርክክብ ለዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያውያን ምን ትርጉም አለው?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ረጅም ዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ፣ በኢስት ካፒቶል ጎዳና ጫፍ፣ አናኮስትያ ወንዝ አጠገብ የነበረውን ክብ ስታዲየም ሳያውቀው አይቀርም። ታክሲ ሲነዳ ተመልካች ያደረሰበት አለ። በ1994 የዓለም ዋንጫ ወደ አሜሪካ በመጣ ጊዜ እዚያ ከተደረጉት አምስት ግጥሚያዎች አንዱን ያየ አለ። ከ1996 እስከ 2017 የዲ.ሲ. ዩናይትድን ጨዋታ ለማየት ልጆቹን ይዞ የተመላለሰም አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይኸው ስታዲየም በ2025 መጀመሪያ መፍረስ ጀመረ። በዚያው ሰሞን፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025፣ ፕሬዚደንት ጆ ባይደን ስታዲየሙ የቆመበት 174 ኤከር መሬት በዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ መንግሥት እጅ እንዲገባ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። በሀገር ቤት ልክ ሲሰላ ሁለት ጋሻ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው መሬት ነው። ጋዜጦቹ በብዛት ያወሩት ስለ እግር ኳስ ቡድኑ መመለስ ነበር። ነገሩ ግን ከኳስ በላይ ነው። የሕዝብ ንብረት ከማዕከላዊ መንግሥት እጅ ወጥቶ በአካባቢው መንግሥት እጅ ሲገባ ማን ያዛል? ማን ይጠቀማል? በደል ቢደርስስ ማን ይጠየቃል? ይህ ጥያቄ በከተማይቱ ውስጥ ለሚኖረው ብቻ ሳይሆን ለሲልቨር ስፕሪንጉም ለአሌክሳንድርያውም ወገን የሚመለከት ነው።

የሁለት ጌታ ስታዲየም

ስታዲየሙ በ1961 ሲከፈት የተሠራው የፌዴራሉ መንግሥት በያዘውና የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ነበር። በ1969 በሟቹ ሴናተር በሮበርት ኤፍ. ኬኔዲ ስም ተሰየመ። በ1986 ኮንግረስ ሕንፃውን ለከተማው መንግሥት እንዲተላለፍ ፈቀደ። መሬቱን ግን አልሰጠም። በ1988 ለሃምሳ ዓመት፣ ማለትም እስከ 2038 ድረስ፣ በኪራይ አስያዘው። በኪራዩ ውል መሠረት ቦታው ለስታዲየም፣ ለመዝናኛና ለክፍት ሜዳ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሥራ ሊውል አይችልም ነበር። መኖሪያ ቤት አይሠራበትም፤ ሱቅም አይከፈትበትም።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። ቤቱ የራስ፣ መሬቱ የመንግሥት የሆነበትን ኑሮ ያውቀዋል። አጥሩን አድሶ፣ ጣሪያውን ቀይሮ፣ ግብሩን ከፍሎ የሚኖር ሰው፣ አንድ ቀን ደብዳቤ ሲደርሰው የያዘው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ እንደነበረ ይገባዋል። የዋሽንግተን ከተማ ከንቲባና ምክር ቤትም በዚህ ስታዲየም ረገድ እንደዚያው ነበሩ።

የአሜሪካን እግር ኳስ የሚጫወተው የዋሽንግተን ቡድን ከ1996 የውድድር ዘመን በኋላ ስታዲየሙን ለቅቆ ወደ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ሄደ። የቤዝቦሉ ቡድን ናሽናልስ ከ2005 እስከ 2007 ተጠግቶበት የራሱን ስታዲየም ሲያገኝ ወጣ። በመጨረሻ ዲ.ሲ. ዩናይትድ በ2017 ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ የቀረው ባዶ ሕንፃና በአስፋልት የተሸፈነ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው። የቤት እጦት ነዋሪውን ከከተማ በሚያስወጣበት ዘመን፣ ሦስት የሜትሮ ባቡር መስመሮች በሚያልፉበት ሰፈር ያለ ያን ያህል መሬት ጾሙን አደረ። ከተማው በኪራዩ ውል ተወስኖ በ2019 ሦስት ሰው ሠራሽ ሣር ያላቸው የኳስ ሜዳዎችን ከፈተ፤ ቤት ልሥራ ቢል ግን ሥልጣን አልነበረውም።

ለመሆኑ አንድ ከተማ በመሐሉ ባለ መሬት ላይ ለማዘዝ ስለምን ኮንግረስን መለመን አስፈለገው? መልሱ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው። ዲስትሪክቱ ክፍለ ሀገር፣ እነሱ እንደሚሉት ስቴት፣ አይደለም። የበላይ ሕግ አውጪው ኮንግረስ ነው። ነዋሪው የራሱን ከንቲባና ምክር ቤት መምረጥ የቻለው በ1973 የራስ አስተዳደር ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬም ቢሆን ምክር ቤቱ የሚያወጣው ሕግ ለኮንግረስ ይላካል፤ ኮንግረስም ሊሽረው ይችላል። ሰባት መቶ ሺህ የሚሆን ሕዝብ የፌዴራል ግብር እየከፈለ በሴኔት አንድም መቀመጫ የለውም። በተወካዮች ምክር ቤት ያለችው ተወካይም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም።

ሕጉ ምን ሰጠ? ምን አስቀረ?

ረቂቁ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 በተወካዮች ምክር ቤት በ348 ድጋፍና በ55 ተቃውሞ አለፈ። ይሁንና በሴኔት ወራት ቆየ። የሜሪላንድ ሴናተሮች ቡድኑ ከክፍለ ሀገራቸው እንዳይወጣባቸው ሰግተው ነበርና። በዲሴምበር ወር ረቂቁ በአንድ ትልቅ የበጀት ሕግ ውስጥ ተካትቶ ሳለ፣ በበጀት ሕጉ ላይ በተነሳው ጫጫታ ሳቢያ ሁለቱም ወደቁ። ሁሉም ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት፣ ዲሴምበር 21 ሌሊት፣ ሴኔቱ የስታዲየሙን ረቂቅ ለብቻው አውጥቶ ያለ ተቃውሞ አጸደቀው። በልዋጩ የዲስትሪክቱ ብሔራዊ ዘብ የተዋጊ አውሮፕላን ክፍል ወደ ሜሪላንድ እንዲዛወር ስምምነት መደረጉ በወቅቱ ተዘግቧል። መሬቱ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ለመሄድ የጦር አውሮፕላን ጭምር መደራደሪያ መሆኑ፣ የዋሽንግተን ነዋሪ በራሱ ሰፈር ላይ ያለው ሥልጣን ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያሳያል።

ሕጉ የሰጠው የማስተዳደር ሥልጣንን ነው። ቢያንስ ለ99 ዓመታት ከተማው በቦታው ላይ ያዝዛል። ስታዲየም፣ መኖሪያ ቤት፣ ንግድ ቤት፣ መናፈሻ ሊሠራበት ይችላል። ያስቀረው ደግሞ ባለቤትነቱን ነው። የመሬቱ ስም ዛሬም የዩናይትድ ስቴትስ ነው። ከመሬቱ ቢያንስ 30 በመቶው ለመናፈሻና ለክፍት ቦታ መጠበቅ አለበት። የወንዙ ዳርቻ አይነካም። ለስታዲየም ሥራ አንድም የፌዴራል ሳንቲም አይወጣም። ከተማው እነዚህን ግዴታዎች ቢጥስ ሥልጣኑ ወደ ፌዴራሉ መንግሥት የሚመለስበት በር ክፍት ነው። በዚህም ላይ የዋና ከተማዋ የፕላን ኮሚሽንና የኪነ ጥበባት ኮሚሽን የተባሉት የፌዴራል አካላት የሕንፃውን ንድፍ ይመረምራሉ።

ስለዚህ «መሬቱ ለከተማው ተሰጠ» ሲባል ነገሩን በልኩ መያዝ ይገባል። የተሰጠው ቁልፍ እንጂ ካርታ አይደለም።

ከላይ ያለው እጅ

ከላይ ያለ እጅ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት ግን አይቻልም። በ1961 የዋሽንግተኑ ቡድን ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል አንድም ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ብለው የቀሩ የሊጉ ብቸኛ ሰው ነበሩ። የሀገር ውስጥ ሚኒስትሩ ስቱዋርት ዩዳል መሬቱ የፌዴራል መሆኑን ይዘው፣ በሥራ ቅጥር ዘር እየለየ የሚያበላልጥ ቡድን በዚህ ስታዲየም ሊጫወት አይችልም ሲሉ አስጠነቀቁ። ማርሻልም ተገደዱ። በ1962 ቦቢ ሚቸልና ሌሎች ጥቁር ተጫዋቾች የቡድኑን ማልያ ለበሱ። የመሬት ባለቤትነት ለፍትሕ የዋለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ይኸው እጅ በሌላ ጊዜ ሌላ ነገር ይሠራል። በማርች 2025 ኮንግረስ ያጸደቀው የበጀት ሕግ ከተማው ከራሱ ነዋሪዎች ግብር ከሰበሰበው ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳያወጣ አገደው። በጁላይ 2025 ፕሬዚደንት ዶናልድ ትራምፕ ቡድኑ የጥንት ስሙን ካልመለሰ የስታዲየሙን ስምምነት አሰናክላለሁ ብለው ዛቱ። በኦገስት 11 ደግሞ በራስ አስተዳደር ሕጉ ውስጥ ያለውን አንቀጽ ጠቅሰው የከተማውን ፖሊስ ለ30 ቀናት በእጃቸው አስገቡ። ከዚህም ቀደም በ1995 ከተማው በዕዳ በተዋጠ ጊዜ ኮንግረስ የገንዘብ ተቆጣጣሪ ቦርድ አቋቁሞ የከንቲባውን ሥልጣን ወስዶት ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል። በዋሽንግተን ግን ባለቤት ማን እንደሆነ ራሱ ስላልለየለት አጥሩ ሁልጊዜ ሲነቀነቅ ይኖራል።

ከተማው ምን ወሰነ?

ቁልፉ በእጁ የገባው የከተማ መንግሥት ለመወሰን አልዘገየም። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በኤፕሪል 28 ቀን 2025 ከቡድኑ ጋር የደረሱበትን ስምምነት ይፋ አደረጉ። 65,000 ያህል ሰው የሚይዝ ባለ ጣሪያ ስታዲየም እስከ 2030 እንዲከፈት ታቀደ። ቡድኑ ቢያንስ 2.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ከተማው ደግሞ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጡ ተገለጸ። በዙሪያው ከ5,000 እስከ 6,000 የሚደርሱ መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩና ከእነዚህም ቢያንስ 30 በመቶው «አቅምን ያገናዘበ» ኪራይ ወይም ዋጋ እንዲኖራቸው ቃል ተገባ።

ምክር ቤቱ በጁላይ መጨረሻ ባደረገው ስብሰባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀርበው ተናገሩ። ሠራተኛ ማኅበራት ለሥራው ሲሉ ደገፉ። ሌሎች፣ ለባለጸጋ ቡድን የሕዝብ ገንዘብ ስለምን ይሰጣል ብለው ተቃወሙ። በስታዲየሙ አጠገብ ያለው ኪንግማን ፓርክ፣ ገና በ1920ዎቹ መጨረሻ ለጥቁር ቤተሰቦች የተሠራ ሰፈር ነው፤ በዚያ የሚኖሩ ሰዎች የመኪናውን ብዛትና የቤት ግብሩን መወደድ አነሱ። ምክር ቤቱ ድርድሩን አንዳንድ ቦታ ካሻሻለ በኋላ በሴፕቴምበር 17 ቀን 2025 በ11 ድጋፍና በ2 ተቃውሞ አጸደቀው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «አቅምን ያገናዘበ» የምትለዋን ቃል አንባቢ አስተውሎ ሊያነባት ይገባል። የማን አቅም? ልኩ የሚወጣው ከጠቅላላው የዋሽንግተን አካባቢ የቤተሰብ ገቢ መካከለኛ ነው። ይህም በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ ከ150,000 ዶላር በላይ ነበር። የዚህ 80 በመቶ ሲሰላ ከ120,000 ዶላር ይበልጣል። ባል ታክሲ የሚነዳበት፣ ሚስት በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራበት ቤት ከዚህ በታች ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ስንት ቤት ይሠራል ብቻ ሳይሆን በየትኛው የገቢ ደረጃ ላሉ ሰዎች ይሠራል የሚለው ነው። በ30 በመቶና በ80 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ከከተማ መቅረት ወይም መውጣት ነው።

ለሲልቨር ስፕሪንግ የቀረበ ምሳሌ

ርክክብ ሲፈጸም ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሲልቨር ስፕሪንግ መሐል በጆርጂያ ጎዳና ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ጥቂት እንደነዳ በስተቀኙ የቀድሞውን የዋልተር ሪድ ጦር ሆስፒታል ግቢ ያገኛል። ሆስፒታሉ ከ1909 እስከ 2011 ቆስለው የመጡ የአሜሪካ ወታደሮች የታከሙበት ነው። በ2011 ሲዘጋ ሥራው ወደ ቤተዝዳና አሌክሳንድርያ ጎረቤት ወዳለው ፎርት ቤልቮር ተዛወረ። ከግቢው 66 ኤከር የሚሆነውን የዲስትሪክቱ መንግሥት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ከጦር ሠራዊቱ ገዝቶ በ2016 ተረከበ። በዚህኛው ላይ ቁልፉ ብቻ ሳይሆን ካርታውም ተላልፏል።

የጦር ሰፈር ሲዘጋ የሚሠራበት የ1994 ሕግ፣ ተረካቢው የአካባቢ መንግሥት አስቀድሞ የቤት አልባዎችን ፍላጎት እንዲያይ ያስገድዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ አንድ የቀድሞ የጦሩ ሕንፃ ታድሶ ለቀድሞ ወታደሮችና ለአረጋውያን መኖሪያ መሆኑ ነው። ከዚያ አፓርታማዎች፣ ትምህርት ቤትና ትልቅ የምግብ መደብር ተከተሉ። ለዓመታት በአጥር ተዘግቶ የቆየው ግቢ ለመንገደኛ ተከፈተ። ይሁንና በግቢው ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ግራና ቀኝ አነስተኛ ሱቅ ያለው ነጋዴ የሚጠይቀው ሌላ ነው። አዲሱ ግቢ ደንበኛ ያመጣለታል፤ የኪራይ ጭማሪም ያመጣበታል። የትኛው ቀድሞ ይደርሳል? መልሱ ያለው በኪራይ ውሉ ውስጥ ነው። የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ውል የጨበጠ ሰው ለውጡን ቆሞ ይጠብቃል። በየወሩ የሚከፍል ግን ለውጡ ሲመጣ እቃውን ይሰበስባል። ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዩ ስትሪት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድርያ የተደረገውን የምግብ ቤቶች ጉዞ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምሮታል።

ለመቸኮልም አይገባም። ከስታዲየሙ በስተደቡብ ያለው፣ የቀድሞው የዲ.ሲ. ጄኔራል ሆስፒታል ግቢ፣ ለከተማው እንዲተላለፍ ሕግ የወጣው በ2006 ነው። በቦታው ላይ የመጀመሪያዎቹ የአፓርታማ ሕንፃዎች እስኪቆሙ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ሥልጣን ማግኘትና ሥራ መሥራት አንድ አይደሉም።

አሌክሳንድርያ፦ የ1846 ርክክብና የ2024 እምቢታ

በአሌክሳንድርያ የሚኖር ሰው «ይህ የዋሽንግተን ጣጣ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን አሌክሳንድርያ ራሷ እስከ 1846 ድረስ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ክፍል ነበረች። በጁላይ 9 ቀን 1846 ኮንግረስ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያ ያለው መሬት ወደ ቨርጂኒያ እንዲመለስ ሕግ አወጣ። በሴፕቴምበር በተደረገው ድምፅ 763 ሰዎች ይመለስ፣ 222 ሰዎች አይመለስ አሉ። ድምፅ የሰጡት ነጭ ወንዶች ብቻ ነበሩ። በከተማይቱ የነበሩት ነፃ ጥቁሮች አልተጠየቁም፤ በባርነት የነበሩትማ ሊጠየቁ ቀርቶ ራሳቸው እንደ ንብረት ይሸጡ ነበር።

ከርክክቡ ጀርባ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ኮንግረስ በዲስትሪክቱ ውስጥ የባሪያ ንግድን ይከለክላል የሚለው ስጋት ነው። እንደተፈራውም በ1850 ንግዱ በዋሽንግተን ተከለከለ። አሌክሳንድርያ ግን ከአራት ዓመት በፊት አምልጣለች። የጥቁር ልጆች ይማሩባቸው የነበሩ ትምህርት ቤቶች በቨርጂኒያ ሕግ ተዘጉ። በዱክ ጎዳና ላይ ባሪያ ነጋዴዎች ሰው አጉረው ይሸጡበት የነበረው ቤት ዛሬም አለ። በ2020 የአሌክሳንድርያ ከተማ ገዝቶ የሕዝብ ንብረት አደረገው፤ አሁን ፍሪደም ሐውስ የተባለ ቤተ መዘክር ነው። በዚያ ጎዳና በየቀኑ የሚነዳ ሁሉ ጎራ ብሎ ሊያየው የሚገባ ነው። ሥልጣን ወደ ቅርብ መንግሥት ስለ ወረደ ብቻ ነፃነት አብሮ እንደማይወርድ የሚያስተምር ቤት ነውና።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ የ2024ን ሁኔታ እንመልከት። በዲሴምበር 2023 የቨርጂኒያው ገዥና የቅርጫት ኳሱና የበረዶ ሆኪው ቡድኖች ባለቤት፣ ፖቶማክ ያርድ ላይ የሁለት ቢሊዮን ዶላር የስፖርት አዳራሽ እንደሚሠራ አበሰሩ። አዳራሹን የሚይዘው በሕግ የሚቋቋም የመንግሥት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ይሆናል፤ ብድሩም በእሱ በኩል ይገኛል ተባለ። ነዋሪው በትራፊኩና በገንዘቡ ላይ ጥያቄ አነሳ። የቨርጂኒያ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሉዊዝ ሉካስም የሕዝብን ብድር ለባለጸጎች አላስይዝም ብለው ገትረው ያዙ። በማርች 27 ቀን 2024 የአሌክሳንድርያ ከተማ ድርድሩ ማብቃቱን አስታወቀ። ዕቅዱ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ፣ ሰው እንደየሐሳቡ ይፈርዳል። ቁም ነገሩ ቨርጂኒያ «እምቢ» ማለት የሚችል፣ በሕዝብ የተመረጠና ከላይ የሚሽረው የሌለ ምክር ቤት ያላት መሆኑ ነው። ዋሽንግተን ያጣችው ይህንኑ ነው።

ከሀገር ቤት የመጣ ትምህርት

ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ላይ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከመቶ ብር በላይ የሆኑት ለማዕከላዊው መንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ቀበሌ ለሕዝብ ቅርብ ነው፣ ስለዚህ የሕዝብ ነው ተባለ። ኪራዩ ረከሰ፤ ድሃውም መጠለያ አገኘ። ነገር ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚያድሰው ጠፋ። ቅርበቱም በደርግ ዘመን ለደግ ብቻ ሳይሆን ለክፉም ዋለ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ፣ የማስተዳደሩን ሥራ ለክልሎች ሰጠ። አዲስ አበባን በአንቀጽ 49 ራሷን በራሷ እንድታስተዳድር ፈቅዶ ተጠሪነቷን ለፌዴራሉ መንግሥት አደረገ። በዚህ በኩል አዲስ አበባና ዋሽንግተን እህትማማች ናቸው፤ የዋና ከተማ ነዋሪ በሙሉ አፉ «ከተማዬ» ለማለት ይቸገራል። ልዩነቱ አዲስ አበቤ በፌዴራሉ ምክር ቤት ድምፅ ያላቸው ተወካዮች እንዲኖሩት በሕገ መንግሥቱ የተጻፈለት መሆኑ ነው፤ ለዋሽንግተኑ ይህም አልተጻፈለትም። ልደታ፣ ካሳንችስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ ሲፈርሱ፣ ብዙ ዓመት የኖሩበትን የቀበሌ ቤት የለቀቁ ሰዎች ግን ሌላም ነገር ተምረዋል። መሬቱን የፌዴራል መንግሥት ይዘው፣ ክልል ይዘው፣ ከተማ ይዘው፣ ነዋሪው ካልተጠየቀ ለነዋሪው ያው ነው።

የወገን ድርሻ

ታዲያ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር ምንድን ነው? ርክክብ የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ አዲሱ አዛዥ ሲወስን በአዳራሹ ውስጥ ማን ተቀምጧል የሚለው ነው። በአር.ኤፍ.ኬ. ግቢ ላይ ዋናው ስምምነት ቢጸድቅም የቤቶቹ፣ የሱቆቹ፣ የሜዳዎቹና የመንገዶቹ ዝርዝር የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ለዚህም የሚያገለግሉ መንገዶች አሉ።

አንደኛ፣ ቋንቋ። በ2004 የወጣው የዲስትሪክቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል። አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብሎ ከሕዝብ ስብሰባ መቅረት እንግዲህ ምክንያት አይሆንም። አስተርጓሚ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሥራ። በከተማው ገንዘብ በሚረዱ ሥራዎች ላይ ከአዲስ ተቀጣሪዎች ቢያንስ 51 በመቶው የዲስትሪክቱ ነዋሪዎች እንዲሆኑ የሚጠይቅ ሕግ ከ1984 ጀምሮ አለ። ከሥራውም 35 በመቶው ለአነስተኛ የከተማው ድርጅቶች እንዲደርስ ይጠየቃል። ለዚህ ግን ድርጅቱ ዋና ቢሮው በዲስትሪክቱ ውስጥ ሆኖ የምስክር ወረቀት ማውጣት አለበት። የጽዳት፣ የምግብ ዝግጅት፣ የትራንስፖርትና የግንባታ ሥራ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የምስክር ወረቀቱን ጨረታው ሲወጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት ማዘጋጀት ይበጃል።

ሦስተኛ፣ ድምፅ። ዜግነት የወሰደ ሁሉ በሚኖርበት ከተማ ተመዝግቦ ይምረጥ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር በምትዋሰነው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በከተማው ምርጫ ይሳተፋሉ። ዲስትሪክቱም በ2022 ባወጣው ሕግ መሠረት በ2024 ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ለከንቲባ፣ ለምክር ቤትና ለመሰል የአካባቢ ሥልጣኖች የሚመርጡበትን በር ከፍቷል። ይህን ሕግ ለመሻር በኮንግረስ ውስጥ በተደጋጋሚ ተሞክሯል፤ ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ሕጉ ያለበትን ደረጃ ከጠበቃ መጠየቅ ብልህነት ነው። ለፕሬዚደንትና ለኮንግረስ ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጡ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

አራተኛ፣ ሜዳ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ከተመሠረተ ጀምሮ ዓመታዊ ውድድሩን ከከተማ ከተማ ሲያዞር ኖሯል። ስታዲየም ማግኘትና መከራየት ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ አዘጋጆቹ ያውቃሉ። ከመቶ ሰላሳ እጁ ለመናፈሻና ለክፍት ቦታ በሕግ በተጠበቀ መሬት ላይ፣ ለሰፈር ቡድኖችና ለዓመታዊ ዝግጅቶች በአቅም የሚከራይ ሜዳ ይኑር ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ካልጠየቁት ግን ማንም አያስታውሰውም።

ከ1961 እስከ ዛሬ በዚያ መሬት ላይ ሚኒስትር አዟል፣ ኮንግረስ አዟል፣ የቡድን ባለቤት አዟል፤ አሁን ደግሞ ተራው የከንቲባና የምክር ቤት ሆኗል። ነዋሪው በቀጥታ የሚሰማበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ የምክር ቤት አባል በር ከኮንግረስ በር ይልቅ ቅርብ ነውና። ዛሬ በምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና እየተጠጣ የሚነገረው ምሬት ነገ በምክር ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ካልተነገረ ቡናው ሲጠጣ አብሮ ያልቃል። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ለዚህ ነው።